የዊኪሚዲያ የጋራ ዕቅድ ከአሰላ ሲታይ

ውክፔዲያን በነጻ ፈቃዳቸው የሚጽፉ ሰዎች እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ያለውን አቅጣጫ በጋራ ለመንደፍ በ2017 ተነሥተው፥ በ2020 ዐሥር ምክረ ሐሳቦች አወጡ። ከእነዚህም አንዱ በውሳኔ አሰጣጥ እኩልነት ይኑር የሚል ነው። ቃሉን እንደግፋለን፤ አሠራሩን ግን እንነቅፋለን። ምክሩ በአብዛኛው የተካሄደው በእንግሊዝኛ ሲሆን፥ ለሌሎች ቋንቋዎች የደረሰው በትርጉም ነው። ያለቀ ረቂቅ ሲተረጐም ለአንባቢው የሚተርፈው እሺ ወይም እምቢ ማለት ብቻ ነው።

አሰላ ላይ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ገበያ ይነገራሉ። ሁለቱም የየራሳቸው ውክፔዲያ አላቸው፤ አንዱ በቁቤ፥ ሌላው በፊደል። ስለ ጭላሎ ተራራ ወይም ስለ አርሲ ገብስ ለመጻፍ አስቀድመው ሊመካከሩ የሚገባቸው እነዚህ ጎረቤታሞች ሳሉ፥ ከዓለም አቀፉ ጉባኤ የሚገናኙት በሦስተኛ ቋንቋ በኩል ነው።

አርሲ ከሩቅ የተነደፈ ዕቅድ እንግዳው አይደለም። በ1967 በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፥ ካዱ፥ ለአነስተኛው ገበሬ የታሰበ ነበር። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ እርሻውን ትርፋማ ሲያደርጉት ግን ብዙ ባለመሬቶች ትራክተር አስገብተው ጭሰኛውን አስለቀቁት። ጭሰኛው በንድፉ ጊዜ ቢጠየቅ ኖሮ፥ በእኛ ግምት፥ ከማዳበሪያው በፊት የመሬቱን ሥሪት ባነሣ ነበር።

እርግጥ ነው፥ በፈቃዱ የሚጽፈውን ሰው የሚያስለቅቀው ባለመሬት የለም፤ እርሱ ዝም ብሎ ይሄዳል፥ መሄዱንም ማንም አይመዘግብም። በ2024 የእንቅስቃሴው ቻርተር በአብዛኛው ድምፅ ሰጪ ተደግፎ ሳለ የፋውንዴሽኑ የባለአደራዎች ቦርድ ስላልተቀበለው ሳይጸድቅ ቀርቷል። ቀጣዩ ረቂቅ ከመጻፉ በፊት በየቋንቋው የሚነሡት ጥያቄዎች ተሰብስበው ወደ እንግሊዝኛ ይተርጐሙ፤ ትርጉሙ ለአንድ ጊዜ እንኳ ከአሰላ ይነሣ።