ሲስተሙ «አላውቅዎትም» አለ

አባቴ ካረፉ ሃያ ዓመት አለፋቸው። በሕይወት ሳሉ ኮምፒዩተር ነክተው አያውቁም። ራዲዮ እንኳ የሚከፍቱት ለዜና ብቻ ነበር፤ ዜናው ሲያልቅ ድንጋዩ እንዳይደክም ቶሎ ይዘጉታል። ዛሬ ግን በቤታችን የእሳቸውን ያህል ደብዳቤ የሚደርሰው ሰው የለም። «የተከበሩ አቶ» ይልና የአባቴን ስም ይጠራል። አንዱ የሆቴል ቅናሽ አዘጋጅቶላቸዋል። ሌላው የሩጫ ጫማ ሊሸጥላቸው ይፈልጋል። ባለፈው ሰሞን አንድ የአውሮፕላን ትኬት ሻጭ ድርጅት «ናፍቀውናል፣ የት ጠፉ?» ብሎ ጻፈላቸው። «እኛንም ናፍቀውናል» ብዬ ልመልስለት አሰብኩና ተውኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንተርኔት ላይ አንድ ነገር ልትገዙ ወይም ልትመዘገቡ ስትሉ ቅጽ ይቀርብላችኋል። የመጀመሪያው ሳጥን ስም ይላል፤ የራሴን እጽፋለሁ። ሁለተኛው ሳጥን የቤተሰብ ስም ይላል። እኛ አገር የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም፤ ሳጥኑ ግን ባዶ ከሆነ በቀይ ቀለም ይቆጣል። ስለዚህ ያባቴን ስም እሰጠዋለሁ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ማሽኑ እኔን ይረሳና ከአባቴ ጋር ጨዋታ ይጀምራል።

ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው አንድ ነገር ነበር። ማንም ሰው ሲጽፍ በልቡ የሚያነጋግረው አንባቢ አለ፤ ያንን አንባቢ ከጽሑፉ ውስጥ ፈልጋችሁ አውጡት እላቸው ነበር። ማስተማሩን ከተውኩ በኋላ ሒስ የምሠራበት ልብ ወለድ ስፈልግ፣ ከልብ ወለድ ሁሉ የበለጠ የሚነበብ፣ ነገር ግን አንድም ሐያሲ ያልደፈረው ድርሰት ዓይኔ ሥር አገኘሁ፤ የኮምፒዩተር ቅጽ። እስቲ ይህን ድርሰት እናንብበው። በልቡ የሚያነጋግረው ማንን ነው?

ሰውዬው ከቅድመ አያቱ የወረሰው የቤተሰብ ስም አለው። ሚስቱም ልጆቹም በዚያው ስም ይጠራሉ። የተወለደው ከአሥራ ሁለቱ ወሮች በአንዱ ነው። ቤቱ ስም ያለው ጎዳና ላይ ነው፤ ቁጥር አለው፤ ዚፕ ኮድ አለው። በሩ ላይ ደብዳቤ የሚያደርስለት ፖስተኛም ሳይኖር አይቀርም። ደግ ሰው ይመስለኛል። እኔ ግን አላውቀውም፤ እሱም እኔን አያውቀኝም።

የኔን ቤት ተመልከቱ። አራት ነን። እኔ ያባቴን ስም እከተላለሁ፤ ባለቤቴ ያባቷን፤ ሁለቱ ልጆች የእኔን። አራት ሰው፣ ሦስት «የቤተሰብ ስም»! ባለቤቴ አንድ ጊዜ ልጃችንን ይዛ በውጭ አገር አየር ማረፊያ ስታልፍ «የማን ልጅ ናት?» ተብላ ሩብ ሰዓት ቆማለች። ልጅቱ ቁርጥ እሷን ናት፤ አፍንጫዋን አይቶ መፍረድ ይቻል ነበር። ግን የሚታመነው ሳጥኑ ነው። አድራሻማ ተዉት። እኔ የምኖረው «ቤተ ክርስቲያኑን አልፈው ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ማንንም ይጠይቁ» የሚባል ቦታ ነው። ይህን አድራሻ ሰምቶ የጠፋ እንግዳ የለም፤ የሚቀበል ሳጥን ግን እስካሁን አላገኘሁም።

ወደ ልደት ቀን እንምጣ። የወር አቆጣጠራችን አሥራ ሦስት ነው። ጳጉሜ አምስት ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ደግሞ ስድስት ቀን ትሆናለች። ትንሽ ናት፤ ሰው ግን ይወለድባታል። አንድ ጓደኛዬ ጳጉሜ 4 ነው የተወለደው። አንድ መሥሪያ ቤት ሊመዘገብ ሄዶ ጸሐፊዋ ኮምፒዩተሩ ላይ ወሮቹን ከላይ እስከ ታች ብትፈልግ ጳጉሜ የለችም። «ጋሼ፣ ነሐሴ 30 ልበልዎት ወይስ መስከረም 1?» አለችው። ጓደኛዬ አሰበ። ነሐሴ ካለ በአራት ቀን ያረጃል፤ መስከረም ካለ ዓመቱ ይቀየርና በወረቀት አንድ ዓመት ይወጣል። መስከረምን መረጠ። «በሕይወቴ ቴክኖሎጂ ያደረገልኝ ብቸኛው ውለታ» ይላል።

ሌላው የማውቀው ሰው ግን እንዲህ አልቀናውም። የተወለደው ጥር 1958 ዓ.ም. ነው። የሚሠራበት ድርጅት የሠራተኛ መዝገቡን ከውጭ በመጣ ፕሮግራም ሲያደራጅ፣ የገባው ዓመት እንዳለ 1958 ሆኖ ቀረ፤ በፈረንጅ። በአንድ ጀምበር ስምንት ዓመት አረጀ ማለት ነው። በ2010 ዓ.ም. ገና የ52 ዓመት ጎልማሳ ሳለ «60 ዓመት ስለሞላዎት» የሚል የጡረታ ደብዳቤ ደረሰው። አራት ልጅ የሚያስተምር ሰው ነው። «ተሳስታችኋል» ቢል «ሲስተሙ ነው ያወጣው» አሉት። የልደት ምስክር ወረቀቱን ይዞ ስድስት ወር ተመላለሰ። እንዲያውም አንዱ ሹም ከላይ እስከ ታች አይቶት «ለስልሳ ዓመት ሰው ግን ተጠብቀዋል» ብሎታል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችንንም አንርሳ። በስደት ሲገቡ የልደት ቀናቸው በትክክል ስላልታወቀ ጃንዋሪ 1 የተባሉት ስንቶች ናቸው! ወንድምና እህት፣ አክስትና አጎት፣ ሁሉም አንድ ቀን ሻማ ያጠፋሉ።

የፈረንጆቹ 2000 የገባ ጊዜ የነበረውን ፍርሃት ታስታውሱ ይሆናል። የኮምፒዩተር ማኅደረ ትውስታ ውድ በነበረበት ዘመን ፕሮግራም ሠሪዎች ቦታ ለመቆጠብ ዓመቱን በሁለት አኃዝ ብቻ ይጽፉ ነበር፤ 1965ን 65 ብለው። ታዲያ 1999 አልቆ 00 ሲመጣ ማሽኑ 1900 የገባ ይመስለዋል ተብሎ ዓለም ተሸበረ፤ ለማስተካከያው ብዙ ቢሊዮን ዶላር ወጣ። ያቺ የምጽአት ሌሊት በእኛ ለታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ዓ.ም. አጥቢያ ነበረች። ዓለም ሲንቀጠቀጥ እኛ ለገና በግ እየተዋዋልን ነበር። የእኛ 2000 የገባው ገና በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው። እኔ ከዚያ ታሪክ የወሰድኩት ትምህርት አንድ ነው። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው የራሱን ዘመንና የራሱን ሰፈር የዓለም ሁሉ አድርጎ ከወሰደ፣ አንድ ቀን ሒሳቡን የሚከፍል ይኖራል። እነሱ በገንዘብ ከፈሉ። እኛ በምን እንደምንከፍል ልንገራችሁ።

በሰፈራችን አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን ልቀይረውና እትዬ ፀሐይ እንበላቸው። ሴት ልጃቸው ዐረብ አገር ሠርታ ያጠራቀመችው ገንዘብ በስማቸው ባንክ ተቀምጧል። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ሊታከሙበት ፈለጉ። ደብተራቸው ላይ «ፀሐይ» ተብሎ ተጽፏል፤ አዲሱ መታወቂያ ላይ «ጸሀይ»። እኔ ነኝ ይዣቸው የሄድኩት። ልጁ ጻፈ፤ ጠበቀ፤ እንደገና ጻፈ። «ማዘር፣ ሲስተሙ አያገኝዎትም» አላቸው። እትዬ ፀሐይ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ እኔ እኮ እዚሁ ቆሜያለሁ» አሉት።

ነገሩን ሳጣራ ገባኝ። ለእኛ ጆሮ ሁለቱም አንድ «ጸ» ናቸው። ለማሽኑ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ ጸሎቱ «ጸ» 4920 ነው፣ ፀሐዩ «ፀ» 4928። ሀሌታው «ሀ» 4608፣ ሐመሩ «ሐ» 4624። ፀሐይ የሚለውን ስም እንደ ጸሐፊው እጅ ቢያንስ በአሥራ ሁለት መንገድ መጻፍ ይቻላል። ለማሽኑ አሥራ ሁለት ልዩ ልዩ ሴቶች ናቸው፤ ከአሥራ ሁለቱ አንዷ ብቻ ናት ገንዘብ ያላት።

በዱሮው ጊዜ «ነገ ተመለሱ» የሚል ሹም ነበር። ክፉ ነበር፤ ግን ፊት ነበረው። ትለምኑታላችሁ፤ አማላጅ ትልኩበታላችሁ፤ ሲበዛ ትረግሙታላችሁ። ዛሬ «ሲስተሙ እምቢ አለ» ይባላል። ይህችን ዓረፍተ ነገር እንደ ሰዋስው መምህር ተመልከቷት። ባለቤቱ ሲስተም ነው። ሰው የለባትም። የጻፈው፣ የገዛው፣ ያዘዘው፣ ሳይፈትሽ የተረከበው፣ ሁሉም ከዓረፍተ ነገሩ ወጥተው ሄደዋል። ለሲስተም ሽማግሌ አይላክም፤ ቢረግሙትም አያስነጥሰውም።

ደግሞ እኮ ማሽኑ የሚታማበትን ያህል ግትር አይደለም። ፊደላችን በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት አንዱ ፕሮግራም የጻፈውን አማርኛ ሌላው ሲከፍተው የአጋንንት ጽሕፈት ይሆን ነበር። ሰዎች ደክመውበት ተስተካከለ። ከሁሉ የገረመኝ ግን ይኸኛው ነው። አንድ ፕሮግራም የሚጽፍ ወጣት እንዳሳየኝ፣ በእጃችን ያለው ስልክ ኢንተርኔት የሚያስስበት ፕሮግራም በሆዱ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ይዟል። ጳጉሜን ያውቃታል። እንዲያውም ከዓመተ ምሕረት ሌላ ዓመተ ዓለምን ሳይቀር ይቆጥራል! አንዲት አጭር ትእዛዝ ነው የሚጠብቀው። «ጸ» እና «ፀ»ን በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ ቁጠር ማለትም የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው አለኝ። እንግዲህ ጳጉሜን የማያውቃት ማን ሆነ? ቅጹን የሠራው ሰው ነዋ! በቅርቡ የሚሠሩትን ቅጾች ደግሞ የሚሠሩት የራሳችን ልጆች ናቸው። ባዕድ መጽሐፍ ላይ ያገኙትን ቅጽ እንዳለ ገልብጠው ለገዛ እናታቸው ያቀርቡላታል።

ፋይዳ መታወቂያ መምጣቱ፣ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅም በ2015 ዓ.ም. መውጣቱ ይጠቅማል እላለሁ። ቁጥር እንደ ስም ፊደል አይቀያየርበትም። ነገር ግን ቁጥሩ እስኪሰጥ ድረስ ስም የሚጻፍበት አንድ ሳጥን አለ፤ እዚያ ሳጥን ላይ የተሠራ ስሕተት ቁጥር ይዞ ይኖራል።

እዚህ ላይ ልጆቹን ወቅሼ ብቻ ላልፍ ነበር፤ ኅሊናዬ እምቢ አለኝ። ወጣት መምህር ሳለሁ የተማሪ ፈተና ሳርም «ሠ» በሚገባበት «ሰ» የጻፈውን ማርክ እቀንስ ነበር። አንድ ከገጠር የመጣ ልጅ፣ ያን ዓመት በክፍሉ ከጻፉት ሁሉ የተሻለ ድርሰት ጽፎ፣ በፊደል ብቻ ወደ «ሲ» አወረድኩት። ቢሮዬ መጥቶ «ጋሼ፣ ያልኩት ግን ገብቶዎታል?» አለኝ። «ገብቶኛል፤ ደንቡ ግን ደንብ ነው» አልኩት። ፀሐፊዋን በፊደሏ እንጂ በቃሏ ያልተቀበልኳት ያኔ ነው። ሲስተሙ እኔ ነበርኩ። ዛሬም ሆሄያቱ ይጠበቁ ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ታሪክ አላቸው፤ ምንጭ ያሳያሉ። ግን ፊደል የሚጠበቀው ሰው እንዲገባበት ነው፤ ሰው ለማስወጣት ካገለገለ እኔም ጠበቃነቴን እተዋለሁ።

እትዬ ፀሐይ «ፀሐይም ጸሀይም እኔው ነኝ» የሚል ማስረጃ ከወረዳ አጽፈው፣ ሁለት ምስክር አቁመው፣ በአራተኛው ወር ገንዘባቸውን አገኙ። አንዱ ዓይናቸው ተርፏል። ሁለተኛው ሐኪሙ እንደነገረን ዘግይቷል።

ስለዚህ ለእናንተ፣ ፕሮግራም ለምትጽፉ ልጆቻችን፣ አንድ የቀድሞ መምህር የቤት ሥራ ይስጣችሁ። ቅጹን ሠርታችሁ ለሕዝብ ከመልቀቃችሁ በፊት በአያታችሁ ስም ሙሉት። ስማቸውን እሳቸው እንደሚሉት ጻፉ፤ የተወለዱበትን ቀን ሲጠይቃችሁ እሳቸው የሚነግሯችሁን መልሱ፤ ቤታቸውን እሳቸው እንደሚያመለክቱት አመልክቱ። ሲስተሙ አያታችሁን «አላውቅም» ካለ ሥራችሁ አላለቀም፤ ማርክ ለመቀነስ ደግሞ ልምድ አለኝ።