የንጉሥ ቃል እንደ ምስክር፦ ከባቢሎን እስከ መቅደላ

የታሪክ ጽሑፍ የሚቆመው በምስክር ነው። በአገራችን የሙግት ወግ ደግሞ ምስክር ይቆጠራል፤ ይነቀፋልም። ወገኑ፣ ጥቅሙና ነገሩን ያየበት ስፍራ ይመረመራል። ስለ ጥንት ነገሥታት የሚጽፉ አንዳንድ ደራስያን ግን ከንጉሡ ዘመን የተረፈ ሰነድ ባገኙ ጊዜ ይህን ወግ ይዘነጉታል። ሰነዱ ለንጉሡ የቀረበ ከሆነ ለእውነትም የቀረበ ይመስላቸዋል። የዚህ ሐተታ ዓላማ ሁለቱ አንድ አለመሆናቸውን ማመልከት ነው፤ ለአብነትም የፋርሱን ንጉሥ የቂሮስን ቃል እንመለከታለን።

አብነቱ የሩቅ ቢመስልም ከወሎ ጋር ይገናኛል። ከደሴ ተነሥቶ በኩታበር በኩል ወደ ምዕራብ የሚዘልቅ መንገደኛ ወደ ተንታና ወደ መቅደላ አምባ ያመራል። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚህ አምባ ላይ እስከ 1868 እ.ኤ.አ. በእግር ብረት ካቆዩአቸው የውጭ አገር ሰዎች አንዱ የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ፣ የሞሱል ተወላጁ ሆርሙዝድ ራሳም ነበር። ይኸው ሰው በተፈታ በ11ኛው ዓመት፣ በ1879 እ.ኤ.አ.፣ ለብሪቲሽ ሙዚየም በባቢሎን ፍርስራሽ ባካሄደው ቁፋሮ «የቂሮስ ሲሊንደር» የተባለው በርሜል መሰል የሸክላ ጽሑፍ ተገኘ።

የሸክላው ርዝመት ከ23 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ቂሮስ በ539 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ባቢሎንን ከያዘ በኋላ፣ በሽብልቅ ጽሕፈትና በባቢሎን ቋንቋ የተጻፈ ቃል ነው። ቀዳሚ ምንጭነቱ አያጠራጥርም። ነገር ግን የሚናገረው ማን ነው? ለማንስ ነው? ጽሑፉ የተሸነፈውን ንጉሥ ናቦኒዱስን አማልክትን የበደለ አድርጎ ይከሳል፤ ቂሮስን ደግሞ የባቢሎን አምላክ ማርዱክ መርጦት ከተማይቱን ያለ ውጊያ ያስረከበው ጻድቅ አድርጎ ያቀርባል። ሌላው የባቢሎን ሰነድ፣ የናቦኒዱስ ዜና መዋዕል፣ ከዚያ አስቀድሞ በኦፒስ ውጊያ መደረጉን መዝግቧል። ሸክላው ስለዚህ ውጊያ ዝም ይላል።

በመጽሐፈ ዕዝራ መክፈቻ ደግሞ ያው ንጉሥ ግዛቱን የሰጠው የሰማይ አምላክ መሆኑን ሲናገር እናነባለን። በሸክላው ላይ ግን ኢየሩሳሌምም አይሁድም አልተጠቀሱም። በየሕዝቡ ዘንድ በየአምላኩ ስም ለሚነገርለት ለዚህ ንጉሥ አንዱን ምስክር ብቻ የሰማ ጸሐፊ ግማሽ ፊቱን ብቻ ያያል። በ1971 እ.ኤ.አ. የኢራን ሻህ የፋርስን ነገሥታት 2500ኛ ዓመት፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በተገኙበት በዓል ሲያከብሩ፣ ሸክላው የመጀመሪያው የሰብአዊ መብት ድንጋጌ ተብሎ ተወደሰ። ጽሑፉ የሚናገረው ግን አማልክት ወደ መቅደሳቸው፣ ሰዎችም ወደ መኖሪያቸው ስለ መመለሳቸው ነው። ምንጩ ያላለውን ዘመኑ አስባለው።

ይህ ሚዛን ለራሳችን ታሪክም ያስፈልጋል። ራሳም በ1869 እ.ኤ.አ. ስለ ተልእኮው ያሳተመው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ስለ ቴዎድሮስ ቀዳሚ ምንጭ ነው፤ ሆኖም የእስረኛ ቃል፣ ለላከውም መንግሥት ሥራውን የሚያስረዳ መልእክተኛ ቃል ነው። የደብተራ ዘነብ ዜና መዋዕል ንጉሡን በአድናቆት ሲያይ፣ የአለቃ ወልደ ማርያም ጭካኔያቸውን ይነቅፋል። «የቴዎድሮስ እንባ»ን የጻፈው ብርሃኑ ዘሪሁንም ሆነ የ«አንድ ለናቱ» ደራሲ አቤ ጉበኛ እንደ ልብ ወለድ ጸሐፊ የመፍጠር ነፃነት አላቸው። ሐያሲ ግን የትኛው ምስክር እንደ ተሰማ፣ የትኛውም እንደ ታለፈ መጠየቅ ይገባዋል።

ጥያቄው ሌላ ችግር ያስከትላል። በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ከተዘረፉት የብራና መጻሕፍት ወደ 350 የሚሆኑት ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዱ የዮሐንስ መደብር ታሪክ ነው። በ7ኛው መቶ ዓመት በነበረ የግብጽ ጳጳስ ተጽፎ፣ በ1602 እ.ኤ.አ. ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ይህ መጽሐፍ ዛሬ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ስለ ቂሮስና ስለ ልጁ ስለ ካምቢስ ይተርካል፤ ካምቢስንም ዳግማዊ ናቡከደነፆር ይለዋል። ከቂሮስ ከ1000 ዓመት በላይ ስለሚርቅ ስለ ንጉሡ ሥራ ደካማ ምስክር ነው። ግብጻውያን የፋርስን ወረራ እንዴት እንዳስታወሱ፣ የእኛም ሊቃውንት ስለ ፋርስ ምን እንዳነበቡ ለሚጠይቅ ግን ቀዳሚ ምንጭ ይሆናል። የምንጭን ደረጃ የሚወስነው ጥያቄው ነው።

እንግዲህ የቂሮስ ሸክላና የመቅደላ ብራናዎች ዛሬ በአንድ ከተማ፣ በለንደን ይገኛሉ። የወሎ ተመራማሪ በአገሩ አምባ ላይ ተሰብስቦ የነበረውን መጽሐፍ በዓይኑ ለማየት ባሕር መሻገር አለበት። ስለዚህ የብራናዎቹ መመለስ የክብር ብቻ ሳይሆን የምርመራም ጥያቄ ነው። ምስክሩ ባልቀረበበት ሙግት ፍርድ አይሰጥምና።