ቆሎና ተመልካች

የቴአትር ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ተመልካቹ ጨብጦ የሚገባውን ነገር ይዘሉታል። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. መቋቋሙን፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. መመረቁን ጽፈዋል። በአዳራሽ ደጃፍ በስኒ እየሰፈረች ቆሎ የምትሸጠው ሴት ግን በታሪኩ ውስጥ የለችም።

በሌላው ዓለም ጉዳዩ እንዲህ አልተናቀም። በአሜሪካ፣ በ1930ዎቹ (እ.አ.አ.) የኢኮኖሚ ድቀት፣ ብዙ ሲኒማ ቤቶችን የደገፋቸው የፈንዲሻ ሽያጭ ነበር። በ1933 በኒው ጀርሲ ከተከፈተው፣ ሕዝብ በመኪናው ተቀምጦ ከሚያይበት ሲኒማ በኋላ የተስፋፉትም ከምግብ ማትረፍን አውቀውበታል።

በእኛ ዘንድ ፈንዲሻ የቡና ቁርስ ነው። ዛሬ ማሽኑ በከተማ ሲኒማ ቤቶች ቢተከልም፣ የቆየው ቆሎ ነው፤ ገብሱ ተፈትጎ፣ በምጣድ ተቆልቶ፣ ሽምብራ፣ ሱፍና ለውዝ የታከለበት። ስለማይበላሽ የዘማች፣ የነጋዴና የቆሎ ተማሪ ስንቅ ሆኖ ኖሯል፤ ከሹም አቦ ተነሥቶ ወደ ትርኢት የሚሄደውም የባሕር ዳር ሰው በኪሱ ይዞት ቢገባ አያስደንቅም።

ጸሐፌ ተውኔት ግን ቆሎን በጆሮው ነው የሚያውቀው። ትዕይንቱ ሲላላ አዳራሹ ይቆረጥማል፤ ሲጠብቅ እጅ ሁሉ መንገድ ላይ ይቀራል። ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ ሐያሲ አላጋጠመኝም። (የሱፍ ቅርፊት የሚጠርጉት ሠራተኞች በዚህ አይስማሙም።) ስለዚህ «ይረብሻል» ብሎ ቆሎን በር ላይ ማስቀረት ሂስን ማስቀረት ነው።

ሻጮቹ እናቶች እያረጁ ነው። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይላኩ፤ ስፍሩ በስንት ሳንቲም ይሸጥ እንደነበር፣ በየትኛው ተውኔት ማግስት ቆሎው ሳይሸጥ እንዳደረ ያስጠይቁ።