«ኧረ መላ መላ» ከሆሳዕና ሲደመጥ

መሐሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተጫወተውን «ኧረ መላ መላ» ካይፋ ሬኮርድስ እ.ኤ.አ. በ1975 በሸክላ አወጣው። በ1986 አንድ የቤልጅየም አሳታሚ ለአውሮፓ አድማጭ ካቀረበው ወዲህ ሸክላው የ«ወርቃማው ዘመን» ምስክር ሆኖ ሲወደስ ኖሯል። ውዳሴው ይገባዋል። ቤዝ ጊታሩ አንዲቱን ሐረግ ሳይታክት ይመላለስባታል፤ ድምፃዊው ከበላይዋ እያንጎራጎረ ሲያልፍ ሳክስፎኑ ይቀበለዋል። ይህ መሪና ተቀባይ ለሆሳዕናና ለዱራሜ ጆሮ ባዕድ አይደለም፤ የሐድያና የከምባታ ጭፈራም በመቀባበል የሚሞቅ ነውና። ልዩነቱ፣ በሸክላው የሚቀበለው መሣሪያ፣ በጭፈራው ግን የቆመው ሕዝብ ሁሉ መሆኑ ነው። የአዲስ አበባ አሳታሚዎች ዓይን በይበልጥ ያረፈው በአማርኛ ዘፈን ላይ ነበር። ስለዚህ ዘመኑን «ወርቃማ» ያለው ሐያሲ የመዘነው የታተመውን ነው፤ በሀድይሳና በከምባትሳ በየሠርጉ ቤት የተዜመው ከሚዛኑ ላይ አልወጣም።