ቁጥሩ የሞተሩ ነው

አሜሪካ ውስጥ አውቶማቲክ ካምቢዮ ሳወርድና ስሰቅል ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አንድ የአገሬ ልጅ የ2001 ካማሮውን ይዞ መጣ። ኤልኤስ1 ሞተሩ ላይ ትልቅ ካምሻፍት አስገጥሟል። ፍሬን ይዤ ማርሹን «ዲ» ላይ ሳደርገው መኪናው ተንቀጠቀጠ፤ ሚኒሞው ወረደና ሞተሩ ጠፋ።

«ጋሼ፣ ካምሻፍቱ ይሆን የተበላሸው?» አለኝ።

ካምሻፍቱ ደህና ነበር። ያልተስማማው ከሞተሩ ጀርባ ያለው ቶርክ ኮንቨርተር ነው። መኪና ሲነሳ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኛቸው ዘይት ብቻ ነው። ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ፓምፕ ዘይቱን ወደ ተርባይኑ ይወረውራል፤ መሃል ያለው ስታተር የሚመለሰውን ዘይት አቅጣጫ ያስይዘዋል፤ ቶርኩም (የማዞር ኃይሉ) የሚበዛው በዚህ ነው። ዙሩ እጥፍ ሲሆን ፓምፑ የሚጠይቀው ቶርክ አራት እጥፍ ይሆናል። መኪናው ቆሞ ነዳጅ ሲረገጥ፣ ሞተሩ የሚሰጠውና ፓምፑ የሚጠይቀው እኩል የሚሆኑበት ዙር ስቶል ይባላል።

ትልቅ ካምሻፍት ቫልቮቹን ረጅም ጊዜ ከፍቶ ስለሚያቆይ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ይበረታል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን በዝቅተኛው ዙር ነው። የፋብሪካው ኮንቨርተር ስቶል ከ2000 በታች ስለሆነ ሞተሩን የሚይዘው አቅም ባጣበት ቦታ ላይ ነው። ለልጁ በዲያሜትር አነስ ያለ፣ ስቶሉ ወደ 3200 የሚጠጋ ኮንቨርተር መረጥንለት።

ኮንቨርተር ከሞተሩ ጋር መስማማት እንዳለበት የተማርኩት ተሳስቼ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ሱፐርቻርጀር የተገጠመለት መኪና ላይ፣ ካርቶኑ 2500 የሚል ኮንቨርተር ሰቀልኩ። ቁጥሩ የተለካው ግን በደካማ ሞተር ነበር። ቶርክ በ44 በመቶ ሲጨምር የዚያው ኮንቨርተር ስቶል በ20 በመቶ ያድጋል፤ 2500 የተባለው 3000 ይሆናል። ያ ሱፐርቻርጀር ከታች ጀምሮ ስለሚገፋ መኪናው የሚፈልገው ጠበቅ ያለ፣ ስቶሉ ዝቅ ያለ ኮንቨርተር ነበር። ትርፉ መንሸራተት መንገድ ላይ ሙቀት ሆነ። የካምቢዮውን ዘይት በነጭ ሶፍት ስነካው ቀዩ ቡናማ ሆኗል፤ ያረረ ይሸታል።

ከዚያ ወዲህ ካርቶን ከማንበቤ በፊት ባለመኪናውን እጠይቃለሁ፦ ሞተሩ መሳብ የሚጀምረው በስንት ዙር ነው? መኪናው ስንት ይመዝናል? የዲፈረንሻሉ ሬሾ ስንት ነው? ስቶሉን ከፍ ካደረግን የዘይት ማቀዝቀዣ ሳልጨምር መኪናውን አልለቅም።

ካማሮውን ለሙከራ ይዘነው ስንወጣ ቀይ መብራት ያዘን። ማርሹ «ዲ» ላይ ነው፤ ሞተሩ በካምሻፍቱ ምት እያንጎራጎረ ሳይጠፋ ጠበቀ። ልጁ እጁን ዳሽቦርዱ ላይ አሳርፎ አረንጓዴው እስኪበራ ያዳምጠው ነበር።