ሚዛን ሲቆም ማን ይወቀሳል? በስዊድን የውፍረት ጥናት ላይ የቀረበ ሒስ

ከመጠን ያለፈ ውፍረትን በቀዶ ሕክምና ስለ ማከም ከተጻፉት ሥራዎች መካከል ሳይጠቀስ የማይታለፈው፣ ላርስ ሾስትሮምና ባልደረቦቻቸው በ2007 ዓ.ም. በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን ላይ ያወጡት የስዊድን ጥናት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) የጥናቱ ዋና ጥያቄ ቀዶ ሕክምና ሞትን ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም የሚል ነበር። እኛ ግን ለመመርመር የፈለግነው በዚሁ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘውን የክብደት መሥመር ነው። ክብደት በምን ያህል ፍጥነት እንደሚወርድና መቼ እንደሚቆም ለማወቅ የፈለገ ሁሉ ብዙ ጊዜ ዐይኑን የሚጥለው በዚህ ሥዕል ላይ ነው። አሳባችንን በአጭሩ ለማስቀደም ያህል፣ ሥዕሉ ትክክል ነው፤ አነባበቡ ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው፤ በስሕተቱም የሚጐዳው ታካሚው ነው።

ጥናቱ በ1987 ተጀመረ። ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 2,010 ሰዎች ሲሆኑ፣ ለማነጻጸሪያ የተያዙትና የተለመደውን ሕክምና ያገኙት 2,037 ናቸው። ቀዶው ሦስት ዐይነት ነበር። ለ376ቱ በጨጓራቸው ዙሪያ ቀለበት ታሰረ፤ ለ1,369ኙ ጨጓራቸው ቁልቁል በስፌት ተከፍሎ መውጫው በጥብጣብ እንዲጠብ ሆነ፤ ለ265ቱ ደግሞ ከጨጓራቸው ትንሽ ከረጢት ብቻ ተለይቶ፣ ምግቡ የቀረውን ጨጓራና የቀጭኑን አንጀት መጀመሪያ ሳይነካ እንዲያልፍ ተደረገ። እነዚህን በተራ ቀለበት፣ ስፌትና ማለፊያ ብለን እንጠራቸዋለን።

ከሒሱ በፊት ምስጋናው ይቅደም። ይህን ያህል ሕዝብ ለብዙ ዓመታት መከታተል ትልቅ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። በአማካይ 11 ዓመት ያህል ከተከታተሉ በኋላ በማነጻጸሪያው ወገን 129 ሰዎች፣ ቀዶ በተደረገላቸው ወገን ግን 101 ሰዎች ሞተው ተገኙ። በ2020 የወጣው ተከታይ ጽሑፍም ቀዶ የተደረገላቸው ሰዎች ከማነጻጸሪያው ወገን ይልቅ 3 ዓመት ያህል ዕድሜ እንደሚጨምሩ አስረድቷል።

አሁን ወደ ክብደቱ መሥመር እንምጣ። በሦስቱም ዐይነት ክብደት ወደ ታችኛው ወሰን የደረሰው ከ1 እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ያን ጊዜ በማለፊያ ከመቶ 32፣ በስፌት ከመቶ 25፣ በቀለበት ከመቶ 20 ቀንሶ ነበር። በ10ኛው ዓመት ግን ቅናሹ በተራ 25፣ 16 እና 14 ከመቶ ሆኖ ተገኘ። በማነጻጸሪያው ወገን ክብደት ከ2 ከመቶ በላይ ወደ ላይም ወደ ታችም አልተናወጠም። 120 ኪሎ የነበረ አንድ ሰው ማለፊያ ተደርጎለት በአማካዩ መንገድ ቢሄድ፣ ወደ 82 ኪሎ ወርዶ በ10ኛው ዓመት 90 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። ጎረቤቶቹ «ውፍረቱ ተመለሰበት» ይላሉ፤ ከመነሻው ግን ገና 30 ኪሎ ዝቅ ብሎ ነው ያለው።

የመጀመሪያው ሒሳችን ስለ መሥመሩ አሳሳል ነው። ታካሚዎቹ የተመረመሩት በ6 ወር፣ በ1 ዓመት፣ በ2 ዓመት እያለ በተወሰነ ቀጠሮ ነው። በሁለት ቀጠሮዎች መካከል ያለው መሥመር የተመዘነ ሳይሆን በእጅ የተሰመረ ነው። ደግሞም እያንዳንዱ ነጥብ የብዙ ሰዎች አማካይ ነው። የአንዱ ሚዛን ለሦስት ሳምንት ቆሞ እንደ ሆነ፣ በዚያው ጊዜ የሌላው ወርዷልና መቆሙ በአማካዩ ውስጥ ይሰወራል። እንግዲህ በየማለዳው ሚዛን ላይ የሚወጣው ታካሚ የራሱን አንድ ቀን ከብዙ መቶ ሰዎች አማካይ ጋር እያስተያየ ይጨነቃል። ሐኪሞች ፕላቶ የሚሉት፣ እኛ የሚዛን መቆም የምንለው ነገር በሥዕሉ ላይ አለመታየቱ ያልተለመደ መሆኑን አያስረዳም።

ሁለተኛው ነገር ሰው ሁሉ በልቡ የያዘው የተሳሳተ መለኪያ ነው። በ1958 አሜሪካዊው ሐኪም ማክስ ዊሽኖፍስኪ አንድ ፓውንድ የሰውነት ክብደት 3,500 ካሎሪ ያህል እንደሚመዝን ጻፈ። ከዚህ ተነሥተው ብዙዎች በቀን 500 ካሎሪ የቀነሰ ሰው በየሳምንቱ አንድ ፓውንድ ይቀንሳል ብለው አስተማሩ። ይህ ለዘለዓለም የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ያ ሰው በዓመት 24 ኪሎ ገደማ ይቀንስ ነበር፤ የ120 ኪሎውም ሰው በ5 ዓመት ውስጥ ከምድር ላይ ይጠፋ ነበር! ኬቪን ሆልና ባልደረቦቹ በ2011 በላንሴት መጽሔት ላይ እንዳሳዩት፣ ሰውነት እያነሰ ሲሄድ የሚያቃጥለውም ጉልበት እያነሰ ይሄዳል። በቀዶ ሕክምናም ነገሩ እንዲሁ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከስቡ ጋር በጡንቻና በጉበት የተከማቸው ስኳር ከያዘው ውሃ ጋር ስለሚወጣ ሚዛኑ በፍጥነት ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የሚቃጠለው እየቀነሰ፣ የሚበላውም ቁስሉ እየዳነ ሲሄድ ቀስ በቀስ እየጨመረ ይመጣል። ሁለቱ በተገናኙበት ስፍራ ሚዛኑ ይቆማል።

«ሚዛኑ የቆመው ታካሚው ስለ ሰነፈ ነው» ለሚሉት ግን ከሁሉ የሚበልጠው መልስ በራሱ በስዊድኑ ጥናት ውስጥ ይገኛል። የመቆም ምክንያት የፈቃድ ድካም ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ሦስቱ ወገኖች የቆሙበት ከፍታ ለምን እንደ ቀዶው ዐይነት ተለያየ? ትጉሆቹ ሁሉ ወደ ማለፊያ፣ ሰነፎቹ ሁሉ ወደ ቀለበት ሄዱ ልንል ነውን? ከማለፊያ በኋላ ጥጋብን የሚያመለክቱ የአንጀት ሆርሞኖች ከምግብ በኋላ ከፍ እንደሚሉ ታውቋል። ስለዚህ የመቆሚያው ስፍራ ከሰውየው ጠባይ ይልቅ ከተደረገለት ነገር ጋር የተያያዘ ነው ብለን እናምናለን።

በዚህ ክርክራችን ላይ ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል አንዘነጋም። አንደኛ፣ ጥናቱ በዕጣ የተከፈለ አይደለም። በ1980ዎቹ ከቀዶ በኋላ የሚደርሰው ሞት ያሳስብ ስለ ነበር የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ዕጣን አልፈቀዱም፤ የቀዶውን ዐይነት የመረጠውም ሐኪሙ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ ሁሉ ከቢላዋው የመጣ ነው ማለት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የማለፊያ መሥመር የተመሠረተው በ265 ሰዎች ብቻ ነው፤ የሚበዙት የታከሙበት ስፌትም ዛሬ ከሞላ ጐደል ቀርቷል። ዛሬ በዓለም እጅግ የተስፋፋው ጨጓራን እንደ እጅጌ አጥብቦ የቀረውን ቈርጦ ማውጣት ሲሆን፣ ይህ በስዊድኑ ሥዕል ውስጥ የለም። በዚያ መሥመር የዛሬውን ታካሚ መለካት በአንዱ ጫማ የሌላውን እግር እንደ መለካት ነው። ሦስተኛ፣ መቆም ሁሉ ያለ ነውር ነው አንልም። ጣፋጭ መጠጥ፣ ክብደት የሚጨምር መድኃኒት፣ የከረጢቱ መስፋት ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሐኪምም ሊጠይቅ ይገባዋል። ነገር ግን መጠየቅ ሌላ፣ መክሰስ ሌላ ነው።

ጉዳዩ የቃላት ክርክር ብቻ ሆኖ እንዳይታይ፣ ምን እንደሚያስከትል እንመልከት። ማለፊያ የተደረገለት ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቪታሚን ቢ12፣ ብረትና ሌሎችም ንጥረ ነገሮች መውሰድ፣ ደሙንም በየጊዜው ማስመርመር አለበት። በ8ኛው ወር ሚዛኑ ቆሞ «አጭበርብረህ በልተሃል» የተባለ ሰው ግን በ12ኛው ወር ወደ ሐኪም ቤት መምጣት ያፍራል። ሚዛኑን ሽሽት ሲቀር የደም ምርመራውም ይቀራል፤ ሳይታወቅም ደም ማነስና የነርቭ ጉዳት ይደርሱበታል። በጥቂት ኪሎ ምክንያት የተሰነዘረ ወቀሳ፣ ቀዶው የሰጠውን ጤና መልሶ ይወስዳል ማለት ነው።

እንግዲህ ሥዕሉን ወደ ፊት የሚያትሙ ሰዎች ሦስት ነገር እንዲጨምሩ እናሳስባለን። በመጀመሪያ፣ የተመዘነበትን ቀን በነጥብ ያመልክቱ እንጂ መካከሉን ባልተቋረጠ መሥመር አይሸፍኑት። ሁለተኛ፣ ከአማካዩ ጋር የሰዎቹን መለያየት ያሳዩ። ሦስተኛ፣ በየዓመቱ ስንት ሰው ለምርመራ እንደ ቀረበ ከሥሩ ይጻፉ። ሐኪሙም ሥዕሉን ለታካሚው ገና ከቀዶው በፊት አሳይቶ፣ ሚዛኑ ከ1 እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ እንደሚቆም፣ ከዚያም ጥቂት ሊመለስ እንደሚችል አስቀድሞ ቢነግረው፣ ያ ቀን ሲደርስ ታካሚው የሚሸሸግበት ሳይሆን እንደ ቀጠሮው የሚመጣበት ቀን ይሆናል።