የመርጡለ ማርያም ፍርስራሽና ያልተጠየቀው ጋን

በምሥራቅ ጎጃም የሚገኘው የመርጡለ ማርያም ፍርስራሽ በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በ1847 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ገለጻውን አሳተመ፤ በ2017ም ቪክቶር ፈርናንዴዝና ባልደረቦቹ ስለ ኢየሱሳውያን ተልእኮ አርኬኦሎጂ ባወጡት መጽሐፍ መረመሩት። የግንቡን ልክና የጠራቢውን ጥበብ መዝግቦ ማቆየት ምስጋና የሚገባው ሥራ ነው።

ዳሩ ግን መጽሐፉ በአርእስቱ ራሱን ከ1557 እስከ 1632 ባለው ዘመን ወስኗል። ሥፍራው በ1522 ባረፈችው በንግሥት እሌኒ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ነበረበት፤ ከ1632 በኋላም ቅዳሴው ቀጥሎ እስከ ዛሬ አለ። የጥቂት ዓመታት እንግድነት የረጅሙን ዘመን ስም ሊወስድ አይገባውም።

ለዚህ የማያፓን ቁፋሮ ምሳሌ ይሆናል። ማያፓን በሜክሲኮ በዩካታን ያለች የማያ ሕዝብ የኋለኛ ዘመን ከተማ ናት። የካርኔጊ ተቋም ሊቃውንት በ1950ዎቹ ሲቆፍሩ በቤተ መቅደሱ ሳይወሰኑ ወደ መኖሪያው ገቡ፤ በአንዳንድ መኖሪያዎች የጸሎት ሥፍራና የአማልክት መልክ የተቀረጸበት የሸክላ ዕጣን ማጨሻ አገኙ። በ1962 የታተመው ሥራቸው አምልኮው በቤተሰብም ዘንድ ይፈጸም እንደ ነበር አስረዳ። ንጽጽሩ የአሠራር እንጂ የእምነት አይደለም።

በጎጃምም ሥርዓቱ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አያበቃም። በሽንዲም ሆነ በቡሬ ገጠር የጽዋው ማኅበር በየወሩ ከአባል ወደ አባል ቤት በተራ ይዞራል፤ ጠላው ይጠመቃል፣ ዳቦው ይጋገራል፣ ካህኑ ይባርካል። ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። የማያፓን ማጨሻ በላዩ ባለው መልክ ራሱን ይናገራል፤ የጎጃም ጋን ግን የማኅበርም፣ የሠርግም፣ የደቦም ሊሆን ይችላል። ስባሪውን ከአፈር ያወጣ ቆፋሪ የወጥ ቤት ጥራጊ ነው ብሎ ያልፈዋል። ምሥጢሩን የሚያውቁት ጠማቂዋና የማኅበሩ ሙሴ ናቸው።

ስለዚህ በመርጡለ ማርያም ዙሪያ ወደፊት የሚደረግ ቁፋሮ ከዶማው በፊት ጥያቄን ማስቀደም ይገባዋል። ጋኑ በፕላስቲክ በርሜል እየተተካ ነው፤ ስለ ጋኑ የሚመሰክሩት ሽማግሎችና ባልቴቶችም ያልፋሉ። ድንጋዩ ቆፋሪውን ይጠብቃል፤ እነርሱ ግን አይጠብቁትም።